ግራፋችሁ ላይ ያለው ባዶ ሳጥን፦ ለሳይንስ ሶፍትዌር አስተዋጽኦ ማድረግ እንዴት ይጀመራል?

ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ግራፍ ሠርታችሁ የምታውቁ ከሆነ ይህ ነገር ሳያጋጥማችሁ አይቀርም። ለግራፉ «አማካይ የዝናብ መጠን» የሚል ርዕስ ትሰጡታላችሁ። ግራፉ ሲወጣ መስመሩ አለ፣ ቁጥሮቹም አሉ። ርዕሱ መሆን በነበረበት ቦታ ግን የተደረደሩ ባዶ ሳጥኖች ታያላችሁ። ከሥር ደግሞ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ቁጥር 4768 የሆነው ምልክት በፎንቱ ውስጥ የለም ይላል። ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው የዩኒኮድ ሰንጠረዥ ላይ 4768 የ«አ» ቁጥር ነው። ቀጥሎ ስለ «ማ» ሌላ ማስጠንቀቂያ፣ ስለ «ካ» ሌላ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ርዕሱን ወደ እንግሊዝኛ ቀይሮ ያልፋል። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ቀን ደርሶ ከፎንት ጋር ማን ይታገላል? ይገባኛል። ግን ለሳይንስ ሶፍትዌር አስተዋጽኦ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ ሳጥን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ብዙ ሰው ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር) ሲባል የኮድ ሊቃውንት ብቻ የሚገቡበት ዓለም ይመስለዋል። እኔ ግን ችግሩን በዓይኑ ያየ፣ ያየውንም አጥርቶ መናገር የሚችል ሰው የሥራውን ትልቅ ክፍል ሠርቷል እላለሁ። ለአማርኛ ተጠቃሚዎች ደግሞ ይህ በእጥፍ እውነት ነው። የእኛን ፊደል ችግር እኛ ካላሳየን ሌላው ሰው ሊያየው የሚችልበት አጋጣሚ የለውም።

መሣሪያው ከየት መጣ?

ግራፉን የሚሥለው ላይብረሪ፣ ማለትም ፓይተን ውስጥ የሚጠቀሙበት ዝግጁ የኮድ ስብስብ፣ ማትፕሎትሊብ ይባላል። የጀመረው ጆን ሀንተር የሚባል አሜሪካዊ ነው። ሀንተር የሶፍትዌር ኩባንያ ሠራተኛ አልነበረም። የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች የአንጎል ኤሌክትሪክ ምልክት የሚያጠና የኒውሮባዮሎጂ ተመራማሪ ነበር። ቤተ ሙከራው ይህን መረጃ የሚያሳይ በገንዘብ የተገዛ ሶፍትዌር ነበረው፤ ፈቃዱ ግን አንድ ብቻ ነበር። ፈቃዱ ኮምፒውተር ላይ በምትሰካ ትንሽ ቁልፍ ውስጥ ስለነበር ተማሪውም፣ ተመራማሪውም፣ የሕክምና ተለማማጁም ቁልፏን ተራ እየጠበቁ ይቀባበሏት ነበር። ሀንተር በፓይተን የራሱን መሣሪያ ሠራና በ2003 ለሁሉም ለቀቀው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምህረቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ያ መሣሪያ ያልገባበት የሳይንስ ዘርፍ የለም ማለት ይቻላል። በ2008 ፊኒክስ የተባለችው መንኮራኩር ማርስ ላይ ስታርፍ መረጃዋን ለማየት ተጠቅመውበታል። በ2019 ለመጀመሪያ ጊዜ የጥቁር ጉድጓድ ምስል ይፋ ሲደረግ ከጀርባ ከነበሩት ሶፍትዌሮች አንዱ ማትፕሎትሊብ ነበር፤ ነምፓይ፣ ሳይፓይና አስትሮፓይ ከሚባሉት ሌሎች የፓይተን ላይብረሪዎች ጋር። ሀንተር ይህን አላየም። በ2012 በ44 ዓመቱ በካንሰር ሕክምና ላይ እያለ አረፈ። ፕሮጀክቱ ግን አልቆመም። ፈቃዱ ማንም ሰው ኮዱን እንዲያይ፣ እንዲቀይርና እንዲያሰራጭ ስለሚፈቅድ ሌሎች ተረከቡት።

የሚረከበው ሰው ግን ብዙ አይደለም። ማትፕሎትሊብን የሚጠቀመው ሕዝብ ስፍር ቁጥር የለውም። ኮዱን በየቀኑ የሚጠብቁት፣ በሙያው ቋንቋ ሜይንቴነር የሚባሉት፣ ግን ጥቂት ናቸው። አንዳንዶቹ ከእርዳታ ገንዘብ ክፍያ ያገኛሉ። ብዙዎቹ ከመደበኛ ሥራቸው በኋላ፣ ማታና ቅዳሜና እሁድ፣ በነፃ ነው የሚሠሩት። ይህን ማወቅ ከዚህ በታች የምለውን ሁሉ ለመረዳት ቁልፍ ነው። ደንቡ ሁሉ፣ ጥንቃቄው ሁሉ፣ መዘግየቱም ጭምር የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሳጥኑ ለምን ይመጣል?

ማትፕሎትሊብ ሲጫን ዴጃቩ ሳንስ የሚባል ፎንት አብሮት ይመጣል። ዴጃቩ የላቲን፣ የግሪክ፣ የሲሪሊክና የሒሳብ ምልክቶችን ይዟል። የግዕዝ ፊደል ግን የለበትም። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል፤ ይህ ማለት ግን እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አገኘ ማለት ብቻ ነው። የፊደሉን ቅርጽ የሚይዘው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ውስጥ ቅርጹ ከሌለ ሶፍትዌሩ በምትኩ ሳጥን ያስቀምጣል።

መፍትሔው ቀላል ይመስላል፤ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት መምረጥ ነው። ነገር ግን ለረጅም ዓመታት ማትፕሎትሊብ ለአንድ ጽሑፍ አንድ ፎንት ብቻ ነበር የሚወስደው። አማርኛ የያዘውን ፎንት ስትመርጡ፣ ያ ፎንት የግሪክ ፊደል ወይም የሒሳብ ምልክት ከሌለው ሳጥኑ ወደዚያ ይዞራል። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አልነበረም። የቻይንኛና የጃፓንኛ ተጠቃሚዎችም ለዓመታት ያማርሩ ነበር።

የተፈታው በ2022 በወጣው 3.6 በተባለው ስሪት ነው። አሁን የፎንቶች ዝርዝር መስጠት ይቻላል። መጀመሪያ ዴጃቩ ሳንስ፣ ቀጥሎ የግዕዝ ፊደል ያላቸውን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ብላችሁ ብትሰጡት፣ በመጀመሪያው ያላገኘውን ፊደል ከሁለተኛው ይፈልጋል። ይህንን ሥራ በዋናነት የሠራው በ2021 በጎግል ሰመር ኦፍ ኮድ፣ ጎግል ለኦፕን ሶርስ ጀማሪዎች በሚከፍልበት ፕሮግራም፣ የተሳተፈ አንድ ተማሪ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ላይብረሪ ውስጥ፣ ለዓመታት ያስቸገረ ጉዳይ፣ በአንድ ክረምት በአንድ ተማሪ እጅ መልክ ያዘ። ብቻውን አልነበረም፤ ነባሮቹ አብረውት ነበሩ፤ ከክረምቱ በኋላም ሥራው ተፈትሾ እስኪወጣ ወራት ፈጅቷል።

ለእኛ ደግሞ አንድ ዕድል አለን። የዐረብኛ ፊደል እንደ ቦታው ቅርጹን ይቀይራል፣ ከጎረቤቱም ጋር ይያያዛል። ስለዚህ ፎንቱ መገኘቱ ብቻ አይበቃውም፤ ፊደሎቹን የሚያያይዝ ሌላ ሥራ ያስፈልጋል። የግዕዝ ፊደል ግን ሀ፣ ሁ፣ ሂ እያለ እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል፣ እያንዳንዱም የራሱ ቁጥር አለው። ፎንቱ ከተገኘ ነገሩ አለቀ።

አንድ የምታበሳጭ ነገር ግን ትቀራለች። ፎንቱን አሁን ጭናችሁ ማትፕሎትሊብ አላየሁትም ሊላችሁ ይችላል። የፎንቶችን ዝርዝር አንዴ መዝግቦ ስለሚያስቀምጥ ነው። ያንን የተቀመጠ ፋይል አጥፍታችሁ ፓይተንን እንደገና ማስነሳት ነው።

ከማማረር ወደ ኢሹ

እንግዲህ አንድ ሰው ይህን ሁሉ ተረድቶ «ቀጥሎ ለሚመጣው ሰው ነገሩን ላቅልለት» ብሎ ተነሳ እንበል። ከየት ይጀምራል?

ከፍለጋ። ፕሮጀክቱ የሚኖረው ጊትሀብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ የተነገረ ችግር እዚያ «ኢሹ» በሚል ስም ተመዝግቧል። የተዘጉትንም ጨምሮ መፈለግ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ችግራችሁን ሌላ ሰው በሌላ ፊደል አንስቶት ታገኛላችሁ። ያኔ አዲስ ከመክፈት ይልቅ እዚያው «በግዕዝ ፊደልም ይታያል፣ እነሆ ምሳሌው» ብሎ መጨመር ይሻላል።

ያልተነሳ ከሆነ ኢሹ ትከፍታላችሁ። ጉዳዩ የሚበላሸውም የሚቃናውም እዚህ ነው። «አማርኛ አይሠራም፣ እባካችሁ አስተካክሉ» የሚል ኢሹ ለማንም አይጠቅምም። አንባቢው ምን ዓይነት ኮምፒውተር እንዳላችሁ አያውቅም፤ የትኛው ስሪት፣ የትኛው ፎንት፣ ምን ብላችሁ እንደጻፋችሁ አያውቅም። እያንዳንዷን ነገር ጠይቆ እስኪያውቅ ሁለት ሳምንት ያልፋል፣ እናንተም በመሃል ትሰለቻላችሁ።

ጥሩ ኢሹ እንዲህ ነው። የማትፕሎትሊብ ስሪት፣ የፓይተን ስሪት፣ ዊንዶውስ ነው ወይስ ሊኑክስ። ከዚያ አምስት ወይም ስድስት መስመር ኮድ፤ ሌላው ሰው ኮፒ አድርጎ ሲያስኬደው ያው ሳጥን የሚወጣለት። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ሦስት መቶ መስመር ኮድ አትላኩ። የዝናቡን መረጃ አውጡት፣ ቀለሙን አውጡት፣ ችግሩን የማይነካውን ሁሉ አውጡት። ርዕሱና ሳጥኑ ብቻ ይቅሩ። በመጨረሻ ምን ጠብቃችሁ እንደነበር፣ ምን እንደወጣና የወጣውን ምስል ታያይዛላችሁ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ መሆን አለበት፤ ግን የተዋበ እንግሊዝኛ ማንም አይጠብቅም። አጭርና ግልጽ ከሆነ በቂ ነው።

ኮዱን እየቀነሱ መሄድ ለሌላው ሰው ብቻ ተብሎ የሚደረግ አይደለም። ስትቀንሱ፣ ስትቀንሱ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። ለእኔ ከሁሉም ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፤ በየትኛውም የምርምር ሥራ ያገለግላል።

ለውጡን መላክ

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። አዲስ ሰዎች ኢሹ ሥር «ይህን ለእኔ ስጡኝ» ብለው ይጽፋሉ። ማትፕሎትሊብ ኢሹን ለሰው አይመድብም። መሥራት የፈለገ ሰው ሠርቶ ያመጣል፤ ያ ነው ምደባው። ለጀማሪ የሚሆኑት ጉዳዮች ምልክት ተደርጎባቸዋል፣ በእነሱ መጀመር ይቻላል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። የፕሮጀክቱን ኮድ ወደ ራሳችሁ አካውንት ትገለብጣላችሁ፤ ፎርክ ይባላል። እዚያ ላይ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን ብራንች (የተለየ የኮድ ቅርንጫፍ) ትከፍታላችሁ፣ ለውጡን ታደርጋላችሁ፣ ኮሚት ታደርጋላችሁ (ለውጡን ትመዘግባላችሁ)፣ ከዚያ «ይህን ወደ ዋናው አስገቡልኝ» የሚል ጥያቄ ትልካላችሁ። ይህ ፑል ሪኩዌስት ነው። የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው የጊት ፕሮግራም ትእዛዞች መጀመሪያ ግራ ያጋባሉ፣ በሳምንት ይለመዳሉ።

ኢንተርኔታችሁ ደካማ ከሆነ ወይም ፓኬጅ የምትቆጥቡ ከሆነ ሙሉውን አታውርዱ። ፕሮጀክቱ ከሀያ ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ ስላለው ከባድ ነው። ጊት ያለፈውን ታሪክ ትቶ የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ እንዲያወርድ ማዘዝ ይቻላል። የሰነድ (የአጠቃቀም መመሪያ) ማስተካከያ ከሆነ ደግሞ ምንም ሳታወርዱ እዚያው ብራውዘር ላይ ጽፋችሁ መላክ ትችላላችሁ።

ሰነድ ስል «ኮድ ለማይችሉ የተተወ ሥራ» ማለቴ አይደለም። ሰነዱን ከኮዱ እኩል ነው የሚቆጥሩት። ለምሳሌ የፎንት ዝርዝር እንዴት እንደሚሰጥ በሚያሳየው ገጽ ላይ የግዕዝ ፊደል ምሳሌ ልትልኩላቸው ፈለጋችሁ እንበል። ትንሽ ሥራ ይመስላል። ግን ገጹ ላይ ያለው ግራፍ በእጅ የተለጠፈ ሥዕል አይደለም። ሰነዱ በተገነባ ቁጥር ኮዱ እንደገና ይሮጣል፣ ግራፉም እንደ አዲስ ይሣላል። የሚሮጥበት ማሽን ላይ የግዕዝ ፎንት ከሌለ የእናንተ ምሳሌ ራሱ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ለቻይንኛው ምሳሌ ማሽኑ ላይ ፎንት ተጭኖለታል። ስለዚህ የእናንተም ለውጥ ከምሳሌው ባሻገር ፎንቱ እንዲጫን የሚያዝ መስመር ያስፈልገዋል። ጠባቂዎቹም ይጠይቃሉ፦ ይህን ያህል ፎንት መጨመር ተገቢ ነው? ያለው ምሳሌ አይበቃም? መልስ ይዛችሁ መቅረብ አለባችሁ።

ኮድ ከነካችሁ ደግሞ ቴስት አለ። ለውጣችሁ አንድ ነገር ሲያስተካክል ሌላ አለመስበሩን በራሱ የሚፈትሽ ኮድ ነው። የማትፕሎትሊብ ቴስቶች ከሌላው ፕሮጀክት የሚለዩበት ነገር አላቸው፤ ብዙዎቹ ሥዕል ያነጻጽራሉ። ትክክለኛው ግራፍ ተቀምጧል። ቴስቱ ግራፉን እንደገና ሥሎ ከተቀመጠው ጋር ፒክስል በፒክስል ያስተያያል። ልዩነቱ ከተፈቀደው ካለፈ ይወድቃል። ጥንቃቄው የት ድረስ እንደሚሄድ ለማየት፣ ፊደል የሚሥለው ፍሪታይፕ የተባለው ፕሮግራም ስሪቱ ሲቀየር የፊደሎቹ ጠርዝ በዓይን በማይታይ መጠን ይለወጣል። ስለዚህ ለረጅም ዓመታት ቴስቱ የሚሠራው 2.6.1 በተባለ አንድ አሮጌ ስሪት ብቻ ነበር። አዲስ ሰው ቴስቱ በማይገባው ምክንያት ሲወድቅበት ይደነግጣል። መደንገጥ አያስፈልግም። የወደቀውን ሥዕል፣ የተቀመጠውንና ልዩነቱን ጎን ለጎን ያሳያችኋል፤ ቁጭ ብሎ ማየት ነው።

ሪቪው

ከዚያ ሰው ያነበዋል። ማትፕሎትሊብ ውስጥ የኮድ ለውጥ እንዲገባ ሁለት ነባር አባላት ማጽደቅ አለባቸው። ሰነድ ብቻ ከሆነ አንድም ሊበቃ ይችላል።

ለብዙ አበሻ የሚከብደው ይህ ክፍል ይመስለኛል። እኛ ዘንድ ሰውን በሰው ፊት ማረም ማዋረድ ነው፤ ጥፋት ካለ ለብቻ ጠርተህ ነው የምትነግረው። እዚህ ግን እርማቱ በአደባባይ ነው፣ አጭር ነው፣ ማለዘቢያ የለውም። «ይህ መስመር ለምን አስፈለገ?» «ስሙን ቀይረው»። «ይህ ቴስት የለውም»። ስድብ አይደለም፣ ቁጣም አይደለም። የሃያ ዓመት ነባር አባል የላከው ኮድም እንዲሁ ነው የሚታረመው፤ የነባሮቹን ፑል ሪኩዌስት ከፍታችሁ አንብቡ፣ ትረጋጋላችሁ። የተባላችሁትን አስተካክሉ። ካልተስማማችሁ ምክንያታችሁን ጻፉ። ምክንያቱ ጥሩ ከሆነ ሐሳባቸውን ይቀይራሉ።

ዝምታም አለ። ልካችሁ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ማንም ላያናግራችሁ ይችላል። ዝምታው እምቢታ አይደለም፤ ሰው የለም ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ጠብቆ አንዴ በትሕትና ማስታወስ ነውር የለውም።

ለምን ይህን ያህል ያጠብቃሉ? የቀለሙ ታሪክ ይህን ያስረዳል። ማትፕሎትሊብ ለሙቀት ካርታና ለመሳሰለው ሳይነገረው የሚጠቀምበት ቀለም ለዓመታት ጄት የሚባለው ነበር፤ ከሰማያዊ በአረንጓዴና በቢጫ አልፎ ቀይ የሚሆነው። ያምራል። ግን ያሳስታል። ቢጫው ከጎረቤቶቹ ይልቅ ስለሚደምቅ መረጃው ላይ የሌለ ድንበር ያለ ያስመስላል። ቀይና አረንጓዴ መለየት ለሚያስቸግራቸው ሰዎች፣ ወይም በጥቁርና ነጭ ለሚታተም ጽሑፍ፣ ጨርሶ አይሆንም። ስለዚህ ብርሃኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእኩል እርምጃ የሚጨምር ቪሪዲስ የሚባል አዲስ ቀለም ተዘጋጀ፣ ክርክር ተካሄደበት፣ በ2017 መጀመሪያ በወጣው 2.0 ስሪት ጄትን ተካ። በአንድ ቀን የዓለም ተመራማሪዎች ግራፍ መልክ ተቀየረ። አንዲት ትንሽ ለውጥ እስከዚያ ድረስ ትደርሳለችና የእናንተንም ሦስት መስመር በጥርጣሬ ቢያዩት አይግረማችሁ።

እዚህ ጋ ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ካልተናገርኩ ያጎደልኩ ይመስለኛል። ኢሹውን ቻትቦት ላይ ለጥፎ የመጣውን መልስ ሳያነቡ መላክ በዝቷል። ለላኪው የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለሚያነበው በጎ ፈቃደኛ ግን አንድ ሙሉ ምሽት ይወስድበታል። ማትፕሎትሊብ በአስተዋጽኦ መመሪያው ላይ ለዚህ ገደብ አስቀምጧል። እንግሊዝኛችሁን ለማቃናት ወይም አንድ ኮድ ምን እንደሚል ለመረዳት ብትጠቀሙበት አንድ ነገር ነው። የላካችሁትን እያንዳንዱን መስመር ስትጠየቁ ራሳችሁ ማስረዳት ካልቻላችሁ ግን አትላኩት። የሰው ጊዜ ነው።

ምን ይገኝበታል?

ለአብዛኛው ሥራ ክፍያ የለም፣ ይህን ደብቆ ማስተዋወቅ ትክክል አይደለም። ክፍያ ያላቸው መንገዶች ግን አሉ። ጎግል ሰመር ኦፍ ኮድ ከ2022 ጀምሮ ተማሪ ላልሆኑ ጀማሪዎችም ተከፍቷል። አውትሪቺ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ በዘርፉ ቁጥራቸው ላነሰ ሰዎች ከቤታቸው የሚሠሩት ክፍያ ያለው ልምምድ ይሰጣል። ሁለቱም ከምርጫው በፊት ትንሽ አስተዋጽኦ አድርጎ የተገኘን ሰው ይመርጣሉ። ስለዚህ ማስታወቂያ ሲወጣ ከመሯሯጥ ከወራት በፊት መጀመር ይሻላል።

ከገንዘቡ ውጪ የሚገኘው፣ ሥራችሁ ከነውይይቱ በአደባባይ መመዝገቡ ነው። ለማስተርስ ወይም ለሥራ ስታመለክቱ «ፓይተን እችላለሁ» ከሚል መስመር ይልቅ ፑል ሪኩዌስቱ ይናገራል። አንባቢው ኮዱን ብቻ አያይም። እርማት ሲሰጣችሁ እንዴት እንደመለሳችሁ፣ ስትጠየቁ እንዴት እንዳስረዳችሁ ያያል። የተመራቂ ተማሪ አማካሪ የሆናችሁ መምህራን ይህን እንደ ሥራ ብትቆጥሩላቸው ደስ ይለኛል። አንድ ተቀባይነት ያገኘ ለውጥ፣ ከነቴስቱና ከነሰነዱ፣ ከብዙ የሴሚስተር ፕሮጀክት የበለጠ ድካም አለበት።

ለውጡ ከጸደቀ በኋላም ተጠቃሚው ጋ ወዲያው አይደርስም። ዋናው ኮድ ውስጥ ይገባል፤ ቀጣዩ ስሪት እስኪወጣ ወራት ሊቆይ ይችላል። ስሪቱ ሲወጣ አስተዋጽኦ ያደረጉ ሰዎች ስም ዝርዝር አብሮ ይወጣል፣ የእናንተም እዚያ ይኖራል። ከዚያ በኋላ በነካችሁት ቦታ ላይ ችግር የገጠመው ሰው ኢሹ ሲከፍት ስማችሁን ጠርተው ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። መልሱላቸው። ያንን ክፍል ከእናንተ በላይ የሚያውቀው ሰው ላይኖር ይችላል።